በአንድ ቆጣሪ ላይ የተደራረበ ምጣድ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ አከራይና ተከራይ ከአንድ ቆጣሪ መስመር እየቀጠሉ ሲጠቀሙ ማየት የተለመደ በመሆኑ፣ ጋዜጣዎ ስለ አደጋው እንዲጽፍ እለምናለሁ። በእንዲህ ዓይነት መስመር ላይ በትይዩ፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ የተያያዙ ዕቃዎች ሁሉ እኩል 220 ቮልት ያገኛሉ፤ የሚስቡት ኮረንት ግን በዋናው ሽቦ ላይ ይደመራል። 3500 ዋት የሚፈጅ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ጎረቤት ሁለተኛውን ሲያበራ ኮረንቱ 32 አምፔር ይደርሳል፣ በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ አራት እጥፍ ያድጋል። ለአምፖል የተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህን አይችልም፤ ልባሱ ቀልጦ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የተቃጠለ ፊውዝ በወፍራም ሽቦ መተካቱ ነው፤ ፊውዝ ቀድሞ እንዲቀልጥ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ እርሱ ከሌለ የሚቃጠለው በግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ነው። አከራዮች ለምጣድ ራሱን የቻለ መስመር በባለሙያ እንዲያዘረጉ አጥብቄ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ