ስለ ቴክኖሎጂና ፖለቲካ የሚናገሩ ባለሀብቶች የገንዘብ ድርሻቸው አብሮ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የቴክኖሎጂ ዜና፣ የጀማሪ ኩባንያዎች ኢንቨስትመንትና የፖለቲካ ጉዳይ ለየብቻቸው ይነገሩ የነበረበት ጊዜ አልፎ፣ ዛሬ ሦስቱም በአንድ ውይይት፣ ብዙውን ጊዜም በአንድ ሰው አንደበት ይተነተናሉ። ተንታኞቹ በአብዛኛው ገንዘባቸውን በዘርፉ ውስጥ ያፈሰሱ ባለሀብቶች ናቸው፤ ጋዜጣችሁም እንደ ሌሎች መገናኛ ብዙኃን ሁሉ ንግግራቸውን እየተረጎመ ያቀርብልናል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንዲህ ያለው ዘገባ እንዲቀር ለመጠየቅ አይደለም። የምጠይቀው፣ የአንድ ባለሀብት አስተያየት በታተመ ቁጥር፣ ሰውዬው በሚናገርበት ጉዳይ ውስጥ ያለው የገንዘብ ድርሻ በአንድ ዐረፍተ ነገር አብሮ እንዲታተም ነው።

ከወዳጆቼ ጋር ስንገናኝ ጨዋታችን ከእነዚሁ ጉዳዮች አይርቅም፤ አንዱ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሌላው ስለ ምርጫ፣ ሌላው ደግሞ ስለ አንድ ኩባንያ ዋጋ ያነሳል። ክርክሩ ሲጠነክር «ይህን ያለው እኮ በዘርፉ ብዙ ገንዘብ ያተረፈ ሰው ነው» የሚል ማስረጃ ይቀርብና ውይይቱ እዚያው ላይ ይዘጋል። የተጠቀሰው ሰው በሚያወድሰው ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ይኑረው አይኑረው፣ በሚነቅፈው ሕግ የሚጎዳ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ከመካከላችን አይገኝም፤ ያነበብነው ዘገባ አልነገረንምና። ሰዎች የፖለቲካ አቋማቸውን የሚይዙት፣ አንዳንዶችም ጥሪታቸውን የት ላይ እንደሚያውሉ የሚወስኑት በእንዲህ ያለ ውይይት ስለሆነ፣ የጎደለው መረጃ እንደ ትንሽ ነገር ሊታለፍ አይገባውም።

ባለሀብቶቹ የሚናገሩት ከንቱ ነው ማለቴ እንዳልሆነ በግልጽ ላስቀምጥ። በጀማሪ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው የመሥራቾችን ዕቅድ በየጊዜው ይሰማል፣ የሂሳብ መዝገባቸውን ያያል፣ የትኛው ቴክኖሎጂ ገበያ እያገኘ የትኛው እየከሰመ እንደሆነም ከጋዜጠኛው ቀድሞ ይረዳል። ችግሩ እውቀቱና ጥቅሙ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸው ነው፤ ስለ ኩባንያው ጠለቅ ብሎ የሚያውቀው ድርሻ ስላለው ነው፣ ድርሻ ስላለውም ኩባንያው ከፍ ብሎ እንዲታይ ይፈልጋል። በዚህ ላይ ውይይቱ የወዳጆች ጨዋታ መልክ ሲይዝ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ የሚተዋወቁ ሦስት አራት ሰዎች እየተሳሳቁና እየተከራከሩ ሲያወሩ፣ አድማጩ ራሱን ከእነርሱ እንደ አንዱ ይቆጥራል። ከወዳጅ የሰማውን ነገር ደግሞ ሰው እንደ ማስታወቂያ አይመረምረውም። ወዳጆቹ እርስ በርሳቸው «አንተ እኮ በዚህ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ አለህ» መባባል አያስፈልጋቸውም፤ ያውቁታል። የማያውቀው አድማጩ ነው፤ ንግግሩ ወደ ጋዜጣ ሲሻገር ደግሞ ሳቁና ጨዋታው ይቀርና የደረሱበት ፍርድ ብቻ እንደ ባለሙያ ቃል ይታተማል።

የቬንቸር ካፒታል፣ ማለትም ከብዙዎች በተሰበሰበ ገንዘብ (ፈንድ) የጀማሪ ኩባንያዎችን ድርሻ የመግዛት ሥራ፣ አሠራሩ ይህን ጥቅም በግልጽ ያሳያል። የፈንዱ አስተዳዳሪዎች የሚያንቀሳቅሱት ገንዘብ በአብዛኛው የራሳቸው ሳይሆን የጡረታ ፈንዶች፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የሌሎች ባለሀብቶች ነው። በተለመደው ውል መሠረት ከተሰበሰበው ገንዘብ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ለአስተዳደር፣ ከሚገኘው ትርፍ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ፤ የአንድ ፈንድ ዕድሜም ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ነው። ኩባንያዎቹ ተሸጠው ወይም ወደ አክሲዮን ገበያ ወጥተው ትርፉ በእጅ እስኪገባ ድረስ ዓመታት ስለሚያልፉ፣ አስተዳዳሪዎቹ በመካከሉ ቀጣዩን ፈንድ ለማሰባሰብ የሚያሳዩት የኩባንያዎቹን ግምታዊ ዋጋ ነው። አንድ ባለሀብት 10 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የአንድን ኩባንያ 10 በመቶ ቢይዝ፣ ኩባንያው «100 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል» ተብሎ ይዘገባል፤ 100 ሚሊዮን ዶላር የከፈለ ግን የለም። ከዚህም ሌላ አዲሱ ባለሀብት የሚይዘው አክሲዮን፣ ኩባንያው በዝቅተኛ ዋጋ ቢሸጥ ብዙውን ጊዜ ሠራተኞቹ ከያዙት ተራ አክሲዮን ቀድሞ የሚከፈለው ስለሆነ፣ የአንዱን ዋጋ ወስዶ የሌላውን ማስላቱ ራሱ አጠያያቂ ነው። ዊወርክ የተባለው የቢሮ አከራይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ 47 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ሲባል ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወደ አክሲዮን ገበያ የመውጣት ዕቅዱን ሰረዘ፤ በኖቬምበር 2023 ደግሞ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ከአበዳሪዎች እንዲጠብቀው (የኪሳራ ጥበቃ) ጠየቀ። 47 ቢሊዮኑ ሰፊው ገበያ የሰጠው ዋጋ ሳይሆን ገንዘብ ካቀረበለት ባለሀብት ጋር በተደረገ ስምምነት ላይ የቆመ ቁጥር ነበር።

ስለዚህ አንድ ባለሀብት «ይህ ዘርፍ ገና ያድጋል፣ እነዚህ ኩባንያዎች ከዚህም በላይ ያወጣሉ» ሲል፣ ቃሉ ራሱ ቀጣዩን ገዢ በመሳብ ዋጋውን ሊያንረው ይችላል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ተናጋሪው ከልቡ ቢያምንበት እንኳ ሚዛኑ ወደ ራሱ ማዘንበሉ አይቀርምና፣ አንባቢው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ጥቅምና የፖለቲካ አስተያየት እንዴት እንደሚቀላቀሉ ከአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ውድቀት የበለጠ የሚያሳይ ክስተት አላውቅም። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተ ሲሆን፣ ደንበኞቹ በአብዛኛው ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችና በእነርሱ ላይ ገንዘብ የሚያፈስሱ ፈንዶች ነበሩ። በ2020 እና በ2021 ኩባንያዎቹ ከባለሀብቶች ያገኙት ገንዘብ ወደ ባንኩ ሲጎርፍ፣ ባንኩ ብዙውን ረጅም ጊዜ በሚቆዩ ቦንዶች ላይ አዋለው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከማርች 2022 ጀምሮ የወለድ ምጣኔውን በፍጥነት ሲያሳድግ ደግሞ፣ ቀድሞ በነበረው ዝቅተኛ ወለድ የተገዙት የእነዚያ ቦንዶች የገበያ ዋጋ ወረደ። ማርች 8 ቀን 2023 ባንኩ 21 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ የቦንድ ሰነዶች ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን ሲያስታውቅ፣ አንዳንድ የፈንድ አስተዳዳሪዎች የሚደግፏቸውን ኩባንያዎች «ገንዘባችሁን አውጡ» ብለው መከሩ። ምክሩ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ በስልክና በመልእክት ተዳረሰ። በማግስቱ፣ በአንድ ቀን ብቻ፣ 42 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ ለማውጣት ጥያቄ ቀረበ፤ ማርች 10 ቀን ባንኩ ተዘጋ።

በአሜሪካ የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና የሚሸፍነው ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር ሲሆን፣ በዚህ ባንክ ውስጥ ከነበረው ተቀማጭ ከ90 በመቶ የሚበልጠው ዋስትና የሌለው ነበር። በዚያ ቅዳሜና እሑድ የታወቁ ባለሀብቶች መንግሥት አስቀማጮችን በሙሉ እንዲታደግ፣ ካልሆነ ቀውሱ ወደ ሌሎች ባንኮች እንደሚዛመት በአደባባይ አሳሰቡ። እሑድ ማርች 12 ቀን መንግሥት ሁሉም አስቀማጮች ሙሉ ገንዘባቸውን እንደሚያገኙ አስታወቀ። ባለሀብቶቹ የተናገሩት ሐሰት ነበር አልልም፤ የብዙ ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈለው እዚያ ከተቀመጠ ገንዘብ ነበር፣ ሲግኔቸር የተባለ ሌላ የአሜሪካ ባንክም በዚያው እሑድ ተዘግቷል። ይሁን እንጂ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት አጥብቀው ከጠየቁት መካከል የሚደግፏቸው ኩባንያዎች ገንዘብ እዚያው ባንክ ውስጥ የተያዘባቸው ሰዎች እንደነበሩ የሚያውቅ አንባቢና የማያውቅ አንባቢ ጥሪውን በአንድ ጆሮ አይሰሙትም። አንዱ የሕዝብን ጥቅምና የተናጋሪውን ጥቅም ለያይቶ ይመዝናል፤ ሌላው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይቀበላል። መንግሥት ማንን መታደግ አለበት የሚለው ጥያቄ ከፖለቲካ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ሆኖ ሳለ፣ እኔ በጊዜው ካነበብኳቸው የአማርኛ ዘገባዎች ይህን ልዩነት ያመለከተ አላጋጠመኝም።

የሕግ ክርክርም ከዚህ አይለይም። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች በ2024 ያሳለፉት ቁጥር 1047 የተባለው የሴኔት ረቂቅ ሕግ፣ ለማሠልጠን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚጠይቁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችን የሚሠሩ ኩባንያዎች የደኅንነት ጥንቃቄ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ነበር። አንድሪሰን ሆሮዊትዝን የመሳሰሉ የቬንቸር ካፒታል ድርጅቶች ጀማሪ ኩባንያዎችንና ክፍት ሞዴሎችን (ማንም አውርዶ ሊጠቀምባቸውና ሊያሻሽላቸው የሚችሉትን) ይጎዳል ብለው ተቃወሙት፤ ኢሎን መስክ ደገፉት፤ ገዥው ጋቪን ኒውሰም ሴፕቴምበር 29 ቀን ውድቅ አደረጉት። አንድሪሰን ሆሮዊትዝ በዘርፉ በርካታ ኩባንያዎች ውስጥ ድርሻ አለው፤ መስክም ኤክስኤአይ የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ መሥርተዋል። ጥቅም ያለው በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ የሁለቱንም ማሳየት ጋዜጣውን ከወገንተኝነት ሐሜት ይጠብቀዋል።

ድርሻን መግለጽ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌም አለ። ዴቪድ ሳክስ ከሦስት ባለሀብት ወዳጆቻቸው ጋር ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ኢንቨስትመንትና ስለ ፖለቲካ ለዓመታት በአደባባይ ሲወያዩ የቆዩ የቬንቸር ካፒታል ባለሀብት ናቸው። በዲሴምበር 2024 ዶናልድ ትራምፕ የሰው ሠራሽ አስተውሎትና የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ጉዳዮች ኃላፊ አድርገው ሲመርጧቸው የመንግሥት የሥነ ምግባር ሕግ የሚመለከታቸው ሰው ሆኑ፤ በ2025 መጀመሪያ በወጣ የኋይት ሐውስ ሰነድም እርሳቸውና ድርጅታቸው፣ ሳክስ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጡ ከክሪፕቶ ጋር የተያያዙ ይዞታዎችን መሸጣቸው ተገለጠ። ያ እርምጃ በቂ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ያው ሰው ከሹመቱ በፊት ስለዚያው ጉዳይ ሲናገር ይሰማ ለነበረ አድማጭ ይህን ቁጥር እንዲነግር የሚያስገድድ ሕግ አለመኖሩ ነው።

ሕግ ጨርሶ ዝም አላለም። ታዋቂዋ አሜሪካዊት የቴሌቪዥን ሰው ኪም ካርዳሺያን ኤቴሪየምማክስ የተባለውን ክሪፕቶ ለማስተዋወቅ 250,000 ዶላር እንደተከፈላቸው ባለመግለጻቸው፣ የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያቀረበባቸውን ክስ ለመጨረስ በኦክቶበር 2022 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ከፋይ ያለበት ማስታወቂያ እንዲህ ያስጠይቃል፤ የራሱን ይዞታ በወግ መሐል የሚያወድስ ሰው ግን በአብዛኛው ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው። በሕክምናው ዘርፍ የታወቁ የጥናት መጽሔቶች፣ ጸሐፊዎች ከመድኃኒት አምራቾች የተቀበሉትን ገንዘብ እንዲገልጹ የሚጠይቁት ሕግ እስኪያስገድዳቸው ጠብቀው አይደለም፤ የአንባቢን እምነት ለመጠበቅ ራሳቸው የደነገጉት ነው። ጋዜጣም ይህን ማድረግ ይችላል።

«ሐሳብ በራሱ ይመዘን እንጂ ማን ተናገረው አይባል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውንም አከብራለሁ። ማስረጃው ሁሉ በአንባቢው ፊት ለተዘረጋ ክርክር ይህ ትክክል ነው። የባለሀብቶች ንግግር ግን አብዛኛውን ጊዜ «እኛ ከውስጥ ያየነው ይህ ነው» በሚል ላይ የቆመ ነው፤ የግል ኩባንያ ሂሳብ ለሕዝብ ይፋ ስለማይሆን አንባቢው ሄዶ ሊያረጋግጠው አይችልም። ሊመዝን የሚችለው የቀረው ነገር ተናጋሪውን ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የተናጋሪው ድርሻ መታወቅ አለበት።

ሥራው አድካሚ አይደለም። ብዙዎቹ የቬንቸር ካፒታል ድርጅቶች ገንዘብ ያዋሉባቸውን ኩባንያዎች ዝርዝር በራሳቸው ድረ ገጽ ያወጣሉ፤ በአክሲዮን ገበያ በተመዘገቡ ኩባንያዎች ውስጥ ያሉ ትላልቅ ባለድርሻዎችም ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሚቀርቡ ሰነዶች ይታወቃሉ። ድርሻው ተሸጦ ከሆነ ይኸው ቢጻፍ፣ ተናጋሪው ዋጋው ሲወርድ የሚያተርፍበትን ውል የያዘ ከሆነም ቢገለጽ፣ ተጠይቆ ካልመለሰ ደግሞ «ተጠይቆ አልመለሰም» ቢባል በቂ ነው። በዘርፉ ገንዘብ ያለውን ሰው በርዕስ ላይ «ባለሙያ» ብቻ ብሎ መጥራትም ቢቀር መልካም ነው፤ «ባለሀብት» የሚለው ቃል አለ፣ እውነትም ነው። ይኸው መመዘኛ ለጋዜጣው የራሱ ዓምደኞች፣ ለባለቤቶቹና ለማስታወቂያ ደንበኞቹም እንዲሠራ እጠይቃለሁ።

የዝግጅት ክፍሉ በዚህ ጉዳይ የሚከተለው መመሪያ ካለው በዚሁ ገጽ ታትሞ ብናነበው፣ ከሌለው ደግሞ ከቀጣዩ የቴክኖሎጂ ዘገባ ጀምሮ ቢሞክረውና አንባቢዎች አስተያየታችንን እንድንልክ ቢጋብዘን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ