ማር የጨመረችው ሴት

ሊድስ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣
ደብረ ሲና

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ብርዱ እንዴት አደረገው? ጋሼስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ሚጡ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ቡናው ሳይፈላ እንዳትጀምሪ። ቀድመሽ የመጨረሻውን ገጽ እንዳታዪ ደግሞ፤ አውቅሻለሁ።

ባለፈው እሑድ ያ በየእሑዱ በስልክ የምተርክላችሁ የግድያ መጽሐፍ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኔትወርኩ ጉድ ሠራን። «ገዳይዋማ…» ከማለቴ ድርግም። መልሼ ብደውል ተቆረጠ። በሦስተኛው የሰማሁት የጋሼን ድምፅ ብቻ ነው፤ «ኧረ ማን ናት?» ይላሉ። ይቅርታ ጋሼ። ግን «ገዳይዋ» ካልኩ በኋላ እርስዎ የጠረጠሩት ፊታውራሪው ነጻ መውጣቱን ሳይረዱት አልቀሩም። የተወራረዱባትን አንድ ኪሎ ቡና ለእማዬ ይግዙላት። እንዲህ ያለ ነገር በተቆራረጠ ስልክ አይሆንም ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ወደ አገር ቤት የምትገባ ልጅ ስላገኘሁ ከሹራቡና ከጉልበትሽ ቅባት ጋር ትሰጣችኋለች።

እዚህ አገር እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «ኮዚ» ይሉታል። ጋቢ ተከናንቦ እሳት ዳር እንደ መቀመጥ ያለ ነው። ሰው ይሞታል፣ ደም ግን አይታይም። ነገሩን የሚፈታው ፖሊስ ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ እንዲህ ያለ ሰው። አንድ ድመት አይጠፋም።

ሰዎቹን መቼም አልረሳችኋቸውም። የእንግሊዞቹን ስም አልይዝ ስላልሽ አንቺው ነሽ ያወጣሽላቸው። ሟቿ ባላባቷ። ዳቦ ቤት ያላት መርማሪ እትዬ ዳቦ። ጡረተኛው ኮሎኔል ፊታውራሪው። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ማሠሪያ ገንዘብ የምትሰበስበው ደግሞ ገንዘብ ያዧ። ስሞቹ ከመልመዳቸው የተነሳ አሁን መጽሐፉን ስገልጥ የእንግሊዝኛዎቹ ግራ ያጋቡኛል። ፊታውራሪው በአጥር የተነሳ ከባላባቷ ጋር ተጣልቶ ስለነበር ጋሼ «ወሰን የተጋፋ ሰው ሌላ ምክንያት አያሻውም» ብለው ድርቅ አሉ። ሚጡ ባለ ድመቷን ጠረጠረች። እኔ ሐኪሙን። አንቺ ግን ሰው አልጠራሽም፤ የጠየቅሽው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ሦስተኛው እሑድ ነበር። ለአውቶቡስ መንገደኛ የሚሸጠውን ቆሎ እየቆላሽ ነበር፤ ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ በስልኩ ይሰማኛል። ድንገት አቆምሽና «ቆይ ቆይ፣ ሴትዮዋ ጣፋጭ አልወድም ብላ ኬኩን መልሳ የለም? ታዲያ ሻይዋ ውስጥ ማሩን ማን አስገባው?» አልሽ። ሳቅንብሽ። እኔም ተማርኩ ባይ «እዚህ አገር ሻይ በማር መጠጣት የተለመደ ነው» ብዬ አለፍኩት።

አሁን ስሚ። እትዬ ዳቦ ሁሉንም ሰው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሲኒና አንድ ማንኪያ አስቀመጠች። ማንኪያው ላይ ማር ደርቆ ቀርቷል። ፊታውራሪውን ጠየቀችው፣ አለፈችው። ሐኪሙን ጠየቀችው፣ አለፈችው። ከዚያ ወደ ማንም ሳትዞር «ባላባቷ ጣፋጭ አትወድም ነበር» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ማንኪያዎቹን በእጅዋ ያጠበችው፣ ለቅሶው ላይ ሳንድዊች እያዞረች ሽር ጉድ ስትል የከረመችው ገንዘብ ያዧ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አዎ፣ እሷ ናት።

እትዬ ዳቦ እዚያ ለመድረስ 230 ገጽ ፈጅቶባታል። አንቺ አንድ ምጣድ ቆሎ።

ማሩ ያስፈለገው መራራውን ለመሸፈን ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው መቼም ይህ ይገባዋል። ሻዩ ኮምፍሬይ የሚባል ቅጠል ነው ተብሎ ነው የቀረበው። ውስጡ ግን ፎክስግሎቭ ነበረበት። ፎክስግሎቭ እንደ ጣት ጓንት የተንጠለጠለ ሐምራዊ አበባ አለው፤ እዚህ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ሳያብብ ቅጠሉ ከኮምፍሬይ ጋር ስለሚመሳሰል ተሳስተው አፍልተው የጠጡ ሰዎች በእውነትም አሉ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም የዚያው አበባ ዘመድ በሥራ ቦታዬ በየቀኑ እጄ ላይ ነው። ለልብ ሕመም የሚሰጥ ዲጎክሲን የሚባል ትንሽ ነጭ ክኒን አለ፤ ከዚያ ዘመዱ ቅጠል ነው የሚገኘው። ለአሮጊቶቹ ከመስጠታችን በፊት እጃቸውን ይዘን የልብ ምታቸውን አንድ ደቂቃ ሙሉ እንቆጥራለን። ከ60 በታች ከወረደ ክኒኑን ሳንሰጥ ነርሷን እንጠራለን። ልብ የሚያቆመውም ልብ የሚጠግነውም የአንድ ቤተሰብ ቅጠል ሆኖ አረፈው።

በ1929 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ኖክስ የሚባል የካቶሊክ ቄስ ለዚህ ዓይነት ልቦለድ አሥር ሕግ አውጥቶ ነበር። አሥር! እንደ ሙሴ። ወንጀለኛው ታሪኩ ሲጀምር የታየ ሰው ይሁን ይላል። ማንም የማያውቀው መርዝ አይምጣ ይላል። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ አይደብቅ ይላል። ድንገት ደርሶ መንታ ወንድሙ ነው የሚል ነገርም ይከለክላል። በዚህ ከተመዘነ የእኛ መጽሐፍ ምንም አይወጣለትም። ማሩ ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ፊታችን ተቀምጧል። ያላየነው እኛ ነን፤ ከአንቺ በቀር።

ግን እማዬ፣ መጨረሻው ቀሽም ነው። እስከ ማንኪያው ድረስ ወድጄው ነበር።

ገንዘብ ያዧ ለምን ገደለች መሰለሽ? ከጣሪያው ገንዘብ 11 ሺህ ፓውንድ ወስዳ ነበር። ልጇ ቁማር ተጫውቶ የገባበትን ዕዳ ከፈለችለት። ባላባቷ ደግሞ መዝገቡ ይመርመር አለች። የእድር መዝገብ ሊታይ ነው ሲባል ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ለአንቺ አልነግርሽም። ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገረችው «ልመልሰው ነበር» ብቻ ነው። ፖሊስ መጣ፣ ይዟት ሄደ።

ገጹን ስገልጥ «ከሦስት ሳምንት በኋላ» ይላል። የኬክ ውድድር ነው። ድመቷ መስኮት ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ፊታውራሪው የጣሪያውን ወጪ ከኪሱ ችሏል። ሁሉም ይስቃል። አለቀ። የልጇ ነገር አንድ ቃል የለም! ገጽ ተቀድዶ ይሆናል ብዬ ስፌቱን ሁሉ አየሁት። አልተቀደደም።

መጽሐፉን የማነብላት የ91 ዓመት አሮጊት አለች አላልኳችሁም? ዓይኗ ስለደከመ በሌሊት ፈረቃ እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ እንግሊዝኛዬን ታርማለች። ለካ ከዓመታት በፊት አንብባው ኖሯል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገዳይዋን እያወቀች ዝም ብላኝ ነበር። «ልጁስ የት ደረሰ?» ብዬ ተናደድኩባት። «ይሄ መጽሐፍ የተጻፈው ለእንቅልፍ ነው» አለችና ወዲያው ተኛች። እውነቷን ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያመማት ሰው፣ ድመቷ ደህና መሆኗን ሰምታ ብትተኛ ምን ክፋት አለው? እኔ ግን አልተኛሁም።

እንቅልፍ የነሳኝ ያ አዳራሽ ነው። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ በር ተዘግቶ፣ አንድ ሰው እስኪወጣ ሲጠበቅ። ይህን የት ነው የማውቀው ስል ቆየሁ። አውጫጭኝ ነው! የአያቴ የቀዩ በሬ ታሪክ።

ሚጡ፣ እዚህ ጋ አቁሚ። ጋሼ ቡናቸውን ጠጥተው ሲወጡ የቀረውን ለእማዬ ብቻ አንብቢላት። አንቺም አልሰማሽም።

እማዬ፣ አያቴ መንዝ እሳት ዳር ሲያወሩት ስንት ጊዜ ሰማነው። በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቀዩ በሬ በእርሻ ዋዜማ ከበረት ጠፋ። አውጫጭኝ ተጠራ። የአገሩ ሰው ጥዱ ሥር ተቀመጠ። የቀረ ይቀጣል፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። ሽማግሌዎቹ «ወፍ» ይቀበላሉ፤ ያየውን በስውር ሹክ የሚል ሰው ማለት ነው፣ ማንነቱ አይወጣም። በሦስተኛው ቀን አንዱን ጎረቤት አስነሱና «በቀይ ጥለት ክር የተቋጠረ ገመድ ጎጆህ ምሰሶ ላይ ምን ይሠራል?» አሉት። ሰውየው መልስ አጣ። በሬው ቆላ ወርዶ ሮቢት ገበያ ተሸጦ ነበር።

አያቴ ግን እዚያ ላይ አላበቁም ነበር፤ እንዲያውም ድምፃቸው የሚለሰልሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። የበሬውን ዋጋ በሁለት መኸር ከፈለ። ሚስቱና ሴት አያቴ እማሆይ አንድ የማርያም ማኅበር ጠጡ። አያቴ ሲያርፉ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ የዚያ ሰው ልጅ ነበር። የሰውየውን ስም ግን አያቴም አልነገሩን፣ አንቺም አልነገርሽን።

እኔ ስሙን አልጠይቅሽም። ወፏን ነው የምጠይቅሽ።

ጥዱ ሥር የተቀመጡት ወንዶች ናቸው። የጎጆ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ገመድ ግን ከውስጥ የገባ ሰው ነው የሚያየው። የተበጠሰ ገመድ ከነጠላ ጥለት በተመዘዘ ቀይ ክር የሚቋጥር ወንድ ደግሞ አላየሁም። ቋጠሮውን የሚያውቀው የቋጠረው ሰው ነው። ማለዳ ጎረቤት ጎጆ ገብቶ ምሰሶ ሥር የሚቆመው ማን ነው? እሳት ሊጭር የመጣ ሰው አይደል?

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ። ሰባት ዓመቴ ነው፣ ክረምት ነው። የእማሆይ እሳት መቼም አይጠፋም ነበር፤ ማታ ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍነው ነው የሚያድሩት። ያን ቀን እኔ ውኃ ደፋሁበት። ክብሪት የለም። አጠገባችን፣ ሠላሳ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ፣ ጢስ የሚጨስበት ቤት አለ። እማሆይ ግን ገል አስያዙኝና ከወንዙ ማዶ ላኩኝ፣ በዚያ ዝናብ። ስመለስ ፍሙ እንዳይጠፋብኝ ደረቴ ሥር ሸሽጌው ቀሚሴ ተቃጠለ። «ለምን እዚህ አልላኩኝም?» ብዬ አለቀስኩ። እማሆይ መልስ አልሰጡኝም። ኩበቱን ፍሙ ላይ አስቀምጠው እፍ እፍ ማለት ብቻ።

እማሆይ ከሰውየው ሚስት ጋር ማኅበር ጠጥተዋል፣ ለቅሶዋን ደርሰዋል። እሳት ልጫር ብለው ግን ያችን ደጃፍ ዳግመኛ አልረገጡም። እማዬ፣ ወፏ እማሆይ ነበሩ፣ አይደል?

በስልክ አትንገሪኝ። ልክ ሆኜም ቢሆን፣ ተሳስቼም ቢሆን ፋሲካ ስመጣ፣ ጋሼ ከቤት ሲወጡ፣ ጆሮዬ ላይ።

ገብሱ ተወቅቶ ገባ ወይ? ጣርማበር ላይ ጉሙ በርትቷል ሲሉ ሰምቻለሁና ጋሼ በማታ መኪና እንዳይሄዱ።

ናፋቂ ልጅሽ

ሚጡዬ፣ ቀጣዩን መጽሐፍ እሑድ እጀምራለሁ። የሚሞተው አትክልተኛ ነው። እማዬ እስከ አምስተኛው ምዕራፍ ድረስ ምንም ጥያቄ እንዳትጠይቅ ቃል አስገቢያት።