የጣሳ ፋብሪካ ቢሮ ሲሆን ወለሉ ሳይመረመር አይላግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ቢሮ ስለሆኑ አሮጌ ፋብሪካዎች ሲወራ ጡቡና ሰፋፊ መስኮቱ ይደነቃል፤ ውስጡ ምን ይሠራ እንደነበር ግን በጨረፍታ ይታለፋል። የጣሳ ፋብሪካ ከሆነ ይህ ግድፈት ጤና ይጎዳል።

በአሜሪካ ባልቲሞር፣ ካንተን ሰፈር ያለው ሕንፃ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ኖርተን የተባለ ጣሳ አምራች ጀመረው፤ በ1901 በርካታ ጣሳ ሠሪዎች ተጠቃለው አሜሪካን ካን ኩባንያ ሲመሠረት የዚያ ንብረት ሆነ። ከተማዋ ኦይስተር የተባለውን የባሕር ዛጎል ምግብና አትክልት ታሽግ ስለነበር ገበያ አላጣም። ምርቱ በ1980ዎቹ ቆሞ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ቢሮና ሱቅ ሆኗል።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሳ ክዳኑ መሃል ቀዳዳ ነበረው። ምግቡ በዚያ ይገባና ክብ ላሜራ ይደፈንበታል፤ ላሜራዋ ላይ ለእንፋሎት የተተወችው ሽንቁር ደግሞ በመጨረሻ በአንዲት ጠብታ ትዘጋለች። ጠብታዋ የቀለጠ እርሳስና ቆርቆሮ ነበረች። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው ድርብ እጥፋት ክዳኑን ከዚህ ገላገለው፦ ሦስት ንብርብር ከክዳኑ፣ ሁለት ከገላው እርስ በርስ ተጨምቀው በመሃላቸው የጎማ ማሸጊያ ይገባል። ገላው ተጠቅልሎ የሚገጥምበት የጎን ስፌት ግን ለአሥርት ዓመታት በእርሳስ መበየዱ ቀጠለ፤ ቅይጡ እስከ 98 በመቶ እርሳስ ይሆን ነበር። አሜሪካ እንዲህ የተበየደ የምግብ ጣሳን በሕግ የከለከለችው በ1995 ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የጎን ስፌት ማሽኑ የት እንደቆመ ከአሮጌ ፕላን መፈለግ ነው። መርዛማው የእርሳስ ብናኝ ከዚያ ተነሥቶ በወለል ጣውላ ስንጥቅ፣ በመስኮት ደፍና ማንም በማያጸዳው የተሸካሚ ብረት አናት ላይ ይተኛል። በየቦታው 30 በ30 ሳንቲሜትር ያህል ለክቶ፣ በእርጥብ መጥረጊያ ጠርጎ ወደ ላብራቶሪ መላክ ያስፈልጋል። የሚያሳዝነው፣ እንጨቱ እንዲያምር ብለው ከምርመራው በፊት በማሽን የሚልጉት ብዙ ናቸው። ስንጥቅ ውስጥ የተኛው እርሳስ ያኔ ሕንፃውን ያዳርሳል። በደረቁ መጥረግም ያው ነው፤ ተራ ቫኪዩም ደቃቁን መልሶ ስለሚተፋው ደቃቅ ብናኝ የሚይዘው የሄፓ ማጣሪያ ያለው ይሁን።

ቅባት ማጠቢያና የጣሳ ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ ወደ መሬት ሰርጎ ከሆነም ተኑ ከሥር ይመጣል። ፋብሪካ ሳለ ነፋስ ይወስደው ነበር፤ መስኮቱ ሲታሸግ ግን ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል። ከኮንክሪቱ ሥር የአየር ናሙና የሚወሰደው ግድግዳ ሳይከፈል፣ ምንጣፍ ሳይነጠፍ ነው። ተከራይ ከገባ በኋላ ወለል መብሳት ወጪውም ጭቅጭቁም ብዙ ነው።

ከአክብሮት ጋር