መኪና ዝቅ ስላለ ብቻ መንገድ አይይዝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በመኪና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ስፖርት መኪኖች ሰስፔንሽን፣ ማለትም መኪናውን በጎማው ላይ ስለሚሸከሙት ሞላዎች፣ ሾኮችና ክንዶች፣ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ብዙ ስለሌለ ጸሐፊው ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም ጽሑፉ ሁለት ነገሮችን እንደ እርግጥ ወስዷል፦ አንደኛ፣ መኪናው ዝቅ ባለ ቁጥር ኩርባ ላይ አያያዙ ይሻሻላል፤ ሁለተኛ፣ ኮይልኦቨር የሚባለውን፣ ከፍታው የሚስተካከል የሾክና የሞላ ስብስብ፣ ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሊገጥመው ይችላል። በቨርጂኒያ በመኪና ጥገና የምተዳደር እንደመሆኔ፣ እነዚህን ሁለት አስተያየቶች አምነው የተሠሩ መኪኖች ሊፍት ላይ ወጥተው ስለማያቸው ዝም ማለቱን አልወደድሁትም።

ነገሩን በአንድ መኪና ላስረዳ። በአሜሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ሳዮን ኤፍአር-ኤስ በሚል ስም ገብቶ ኋላ ቶዮታ 86 የተባለው፣ ዛሬ ጂአር86 የሚባለው መኪና ከመንትያው ከሱባሩ ቢአርዚ ጋር በወጣቶቻችን ዘንድ ተወዳጅ ነው። የፊት እግሩ ማክፈርሰን በሚባለው አሠራር የተሠራ ነው፤ ይኸውም ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው ከላይ ከመኪናው አካል ጋር ሲታሰሩ፣ ከታች ጎማውን የሚይዘው አንድ ክንድ ብቻ ነው። ፋብሪካው ይህን የታችኛውን ክንድ ወደ ጎማው በኩል ትንሽ ያዘቀዘቀ አድርጎ ሠርቶታል፤ ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያዘነብል የሚዞርበት፣ ባለሙያዎች ሮል ሴንተር የሚሉት ነጥብ የሚወሰነው በዚሁ ክንድ አቀማመጥ ነው። መኪናውን ብዙ ዝቅ ባደረግነው መጠን ክንዱ እየተጋደመ፣ አልፎም የጎማው ጫፍ ወደ ላይ እየተነሣ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሮል ሴንተሩ ከመኪናው የክብደት ማዕከል ይልቅ በፍጥነት ወደ ታች ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ መኪናው ይበልጥ የማዘንበል ዝንባሌ ያድርበታል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ሞላው ለስላሳ ሆኖብኝ ነው ብሎ ከዚያ የጠነከረ ሞላ ይገዛል፤ ራሱ ዝቅ በማድረግ ያመጣውን ጣጣ በብረት ጥንካሬ ለመሸፈን ይደክማል።

ከዚህ የማይተናነሰው ችግር የሾኩ ጉዞ ማጠር ነው። በገበያ ላይ ያሉት ኮይልኦቨሮች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንዱ ከፍታው የሚስተካከለው የሞላውን መቀመጫ ወደ ታች በማዞር ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው ዝቅ ባለ ቁጥር የሾኩ ዘንግ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና የቀረው ጉዞ ያጥራል፤ በሌላው ግን የሾኩ የታችኛው ማሰሪያ ራሱ ስለሚዞር ጉዞው ሳይቀነስ ከፍታው ይለወጣል። ገዢው ይህን ልዩነት ካልጠየቀ፣ የካቲት ላይ በረዶው ሲቀልጥ በየመንገዱ የሚከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሾኩ ማቆሚያ ላስቲኩን ይመታዋል። ይህ ቀጥታ መንገድ ላይ ጀርባን ከማሳመም አያልፍም ይሆናል። ኩርባ መሃል፣ ያውም አስፋልቱ ረጥቦ፣ በኋላ ጎማዎች በሚነዳ መኪና ላይ የኋላ ሾክ ማቆሚያውን ሲመታ ግን ጎማው መያዝ ሲገባው በድንገት ይለቃል። ሞላ በመቁረጥ ዝቅ የሚያደርጉትንማ አላነሣም፤ እነሱን ማስረዳት የእኔ አቅም አይደለም።

ወደ መግጠሙ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው ይህ ነውና። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ሌላ ቦታ ኮይልኦቨር ያስገጠመበትን 86 አመጣልን፤ ሲነዳ ከኋላ በኩል ይንቋቋል፣ ከፍታውም ካስተካከለው ልክ ላይ አልቀመጥ ብሎታል። ሊፍት ላይ ስናወጣው የኋላ ክንዶቹ ጎሚኒዎች፣ ማለትም በክንዶቹ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ባለ ላስቲክ ማስገቢያዎች፣ ላስቲካቸው ከብረት ቱቦው እየተላቀቀ፣ አንዱማ እስከ ግማሹ ተቀዶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገጣሚው ጎማዎቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ሳለ የክንዶቹን ቡሎኖች አጥብቋል። የጎሚኒው ላስቲክ ከመሃሉ ቱቦ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ ቡሎኑ በጠበቀበት አቀማመጥ ቱቦው ይቆለፋል፤ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ይጠመዘዝና ተጠማዝዞ ይኖራል። በዚህ ላይ የተጠማዘዘው ላስቲክ ራሱ እንደ ሞላ መኪናውን ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ባለቤቱ ከፍታው አልወርድ አለ ብሎ ኮይልኦቨሩን ደጋግሞ ዝቅ ሲያደርግ ከርሟል። ትክክለኛው አሠራር ቡሎኖቹን መጀመሪያ ላላ አድርጎ መግጠም፣ ከዚያ መኪናውን በጎማው ላይ አቁሞ ወይም ናክሉን፣ ጎማው የሚታሰርበትን ብረት፣ በክሪክ ከፍ አድርጎ ክብደቱ ሲያርፍበት የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ ፋብሪካው በወሰነው ልክ ማጥበቅ ነው።

በዚሁ መኪና ላይ የፊት ሾክ የላይኛው ዳዶ በአየር መሣሪያ ተጠብቆ ዘንጉ አብሮ በመዞሩ የውስጥ መዝጊያው ተጎድቶ ዘይት ያፈስስ ነበር። ዘንጉን በቁልፍ ይዞ ዳዶውን በእጅ ማጥበቅ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። የፋብሪካውን የላይኛ ማሰሪያ ለመጠቀም የድሮውን ስብስብ መበተን ግድ ለሚሆንበት ሰው ደግሞ፣ ሞላ በመጭመቂያ ተይዞ ሳለ ቢያመልጥ ሰው እንደሚገድል በጽሑፉ አንድ ቃል አለመነገሩ አሳዝኖኛል።

መቼም ይህ ሁሉ ሲሆን የሚቆጣጠር አለ ይባል ይሆናል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ታስገድዳለች፤ ሜሪላንድ ግን የግል መኪናን የምትመረምረው ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ሲሆን፣ ዋሽንግተን ዲሲ በ2009 እ.ኤ.አ. የግል መኪኖችን የደኅንነት ምርመራ ትታዋለች። ስለዚህ ከከተማው ሰው ብዙው የተሳሳተ ገጠማ የሚታወቅለት ጎማው አላግባብ አልቆ ሲያየው ነው።

የስፖርት ሰስፔንሽን ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። በዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት በሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ መኪናውን አዘውትሮ ለሚነዳ ሰው፣ ሾኩ ሲሞቅ የማይላላ፣ የፊት ካምበሩም (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ ያዘነበለበት መጠን) የሚስተካከል ስብስብ ገንዘቡን ያወጣል፤ የ86 የፊት ጎማ ካምበር ከፋብሪካው ሲወጣ ወደ ዜሮ የተጠጋ ስለሆነ በሜዳ ላይ የጎማው ውጪኛ ጠርዝ ቶሎ ያልቃልና። ለመንገድ ብቻ ለሚነዳው ግን ከሺህ ዶላር በላይ ከማውጣቱ በፊት ጥሩ ጎማና በፋብሪካው ሞላ ላይ የሚገጠም የተሻለ ሾክ ቢመለከት ይሻለዋል። የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ በኮኖች መካከል በሚያካሂዳቸው ውድድሮች፣ ስትሪት የሚባለው ምድብ ሾክ መቀየርን ፈቅዶ ሞላው የፋብሪካው እንዲሆን ያዛል፤ በዚያ ምድብ የሚሮጡት ሰዎች ደግሞ ቀርፋፎች አይደሉም።

ዋስትናው ይሰረዛል የሚለው ስጋትም በጽሑፉ ተጋንኗል። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል የዋስትና ሕግ ዋስትና ሰጪው ዋስትናውን ሊነፍግ የሚችለው የተገጠመው ዕቃ ለብልሽቱ ምክንያት መሆኑን ሲያሳይ ነው ተብሎ ይተረጎማል፤ የተቀደደ ጎሚኒ ግን ለማሳየት የሚያስቸግር ዓይነት አይደለም።

ስለዚህ ዓምዱ ወደፊት በዚህ ርዕስ ሲመለስ፣ አንባቢው ከጋራዡ ምን መጠየቅ እንዳለበት ቢገልጽ ደስ ይለኛል፦ የክንዶቹ ቡሎኖች በምን ከፍታ ላይ እንደጠበቁ፣ ከገጠማው በኋላ የአላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ ልክ) ውጤት በወረቀት ታትሞ እንዲሰጠው፣ የፊት መብራቱም ከመኪናው ጋር አብሮ ስለሚወርድ እንደገና እንዲስተካከልለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ጥገና ባለሙያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ