ስለ 91 ይቅርታ

ሚጣዬ፣

ይቺን የምጽፍልሽ በሴራሚክ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው። ፒያሳ ነኝ፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለ ፎቅ ላይ መታጠቢያ ቤት እያነጠፍን። ልጆቹ ምሳ ወጥተዋል። ማታ ደብተርሽ ውስጥ አስገባታለሁ።

ትናንት የፈተና ወረቀትሽን ይዘሽ መጥተሽ «አባዬ፣ 91 ብቸኛ ቁጥር ነው ያልከኝ አንተ ነህ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ «መምህሩ ነው የተሳሳተው» አልኩ። አንቺ ምንም ሳትመልሺ ገብተሽ ተኛሽ። ብትጮሂብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ከተረፈው ሴራሚክ 91 ፍሬ ቆጥሬ ወለሉ ላይ ደረደርኩ። ሁለት ሁለት ሳደርገው አንድ ተረፈ። ሦስት ሦስት፣ አሁንም አንድ። አምስት አምስት፣ ያቺው አንድ። የሸወደችኝ እሷ ናት። ያን ቀንም አንቺን ሳስጠና እዚህ ላይ ነበር ያቆምኩት፤ 7ን መሞከር ሰነፍኩ። ሰባት ሰባት አድርጌ ስደረድር 13 መስመር ልክ ሞላ። አንድም ፍሬ እጄ ላይ አልቀረም፤ 91 በ7 ይካፈላል፣ ብቸኛ አይደለም ማለት ነው። ረዳቴ ቁልፍ ረስቶ ሲመለስ በርከክ ብዬ አየኝና «ጋሼ፣ ሥራው እዚህ ጋ ሆነ እንዴ?» አለ።

ከዚያ 6 ጨምሬ 97 አደረግኩት። እሱ እንዴትም ብትደረድሪው እኩል አራት ማዕዘን አይወጣውም፤ አንድ ረጅም መስመር ብቻ ነው። ብቸኛ ማለት ይኸው ነው፤ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የለውም።

እስከ ስንት እንሞክር ትይኝ ነበር። እስከ 96 መድከም የለብሽም። አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ 7 ካለ 13 አብሮት አለ። 10 ጊዜ 10 መቶ ነው፣ ከ97 ይበልጣል። ስለዚህ ከጥንዱ አንዱ የግድ ከ10 በታች መሆን አለበት። 4፣ 6 እና 8 በ2 ውስጥ ተሞክረዋል፣ 9 ደግሞ በ3። የሚቀሩሽ 2፣ 3፣ 5 እና 7 ናቸው። አራት ሙከራ፣ በቃ።

1 ላይም ኤክስ አለብሽ። እዚያ ግን አልፈርድብሽም። ስሙ «ብቸኛ» ከተባለ ከ1 በላይ ብቸኛ ማን አለ? ግን ብቸኛ ቁጥር ልክ ሁለት አካፋይ ነው የሚፈለግበት፤ 1 ደግሞ ያለው ራሱ ብቻ ነው። እሱን ብናስገባው ደግሞ ጣጣ ነው። 12 ሲበተን 2 ጊዜ 2 ጊዜ 3 ነው፣ ሌላ መልስ የለውም። 1ን ከፈቀድን አንዱ አንዴ፣ ሌላው አሥር ጊዜ እየጨመረ ሁሉም የየራሱን መልስ ይጽፋል።

የጋራ ብዜቱን በደንብ ሠርተሻል፤ እሱ የኔ የዕለት እንጀራ ስለሆነ መሰለኝ ያስረዳሁሽ በትክክል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሴራሚክ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ወለሉ 40። ከጥግ አንድ ላይ ብታስነሺያቸው መስመራቸው በየ120 ሳንቲ ሜትሩ ይገጥማል። 60 በ40 ብታባዢ 2400 ይመጣል፤ ግን 20 ሁለቱንም ስለሚያካፍል እዚያ ድረስ ሳይሄዱ ይገናኛሉ።

አያትሽ ነፍሳቸውን ይማርና ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ፋሲካና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ፣ ያሰሉ ነበር። የጨረቃው ስሌት በ19 ዓመት ዞሮ ይመጣል። የሳምንቱ ቀናት 7፣ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በየ4 ዓመቱ፤ 7 በ4 ደግሞ 28። 19 ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ለ28ም አካፋይ አይሆንም። ስለዚህ እንደ ሴራሚኩ አቋራጭ የለም፤ ሙሉውን ተባዝቶ 532 ዓመት ነው። ፋሲካ የሚውልባቸው ቀኖች እንደገና በዚያው ተራ የሚመጡት ያኔ ነው። እሳቸው ዐቢይ ቀመር ይሉት ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ቁጥሩን በቃሌ እወጣው ነበር እንጂ 532 ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው፣ ያውም ሴራሚክ ስደረድር።

ነገ ጠዋት አብሬሽ ሄጄ መምህሩን አናግራለሁ፤ ማርክ ለመለመን ሳይሆን ትናንት ስለሱ ያልኩትን ለማንሳት። ልጆቹ እየተመለሱ ነው፣ ሙጫውም ሳይደርቅብኝ ልነሳ። 143ን እስከ 11 ሞክሪው፤ እኔ ደርድሬ አይቼዋለሁ፣ አልነግርሽም።

አባትሽ