«ዩኒየን ነኝ» ስልህ አትደንግጥ

አባዬ፣ እንዴት ከረምክ? የደም ግፊት መድኃኒትህን እየዘለልክ መሆኑን እማዬ ነግራኛለች። በእሱ ሌላ ቀን እንጣላለን።

ይህን የምጽፈው በእሑዱ ስልክ የተነሳ ነው። የት ነሽ ስትለኝ «ዩኒየን ነኝ» አልኩህ። ዝም አልክ። ከዚያ «ምን ጥልቅ አደረገሽ?» ብለህ ስልኩን ለእማዬ ሰጠኻት።

ገብቶኛል እኮ። ለአንተ ዩኒየን ማለት የስድስት ኪሎ የተማሪዎች ማኅበር ነው፤ በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት፣ በታኅሣሥ 1962 ደግሞ ፕሬዚዳንታችሁ ጥላሁን ግዛው ተገድሎ አስከሬኑን ግቢ አስገብታችሁ ስታለቅሱ ክቡር ዘበኛ መጥቶ የተኮሰባችሁ። አጥር ስትዘል የተተለተለው መዳፍህ እስከ ዛሬ ይታያል።

እዚህ አሜሪካ፣ ማዲሰን ግን ዩኒየን ቤት ነው፣ ሕንፃ! የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሚሞሪያል ዩኒየን ይባላል፤ ሜንዶታ ሐይቅ ዳር ነው። በፈረንጆች 1928 ተማሪውና የቀድሞ ተማሪው ባዋጣው ገንዘብ ተሠርቶ ተከፈተ፤ ስሙም በጦርነት ላገለገሉ የዩኒቨርሲቲው ልጆች መታሰቢያ ነው። ምግብ አለ፣ ቴአትር አለ፣ አይስክሬም አለ። ቢራም አለ (ይህቺን ለእማዬ አታንብብላት)፤ ከ1933 ጀምሮ ይሸጣል፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዩኒየን ቢራ ሲሸጥ የመጀመሪያው ነው አሉ። ታች ራትስኬለር የሚሉት አዳራሽ አለ፤ ቅዳሜ ቡናዬን ይዤ የምቀመጥበት። እስከ 1941 ድረስ ሴት ዓመቱን ሙሉ እንደ ልቧ አትገባበትም ነበር። ይሄን ስሰማ ቡናውን ሆን ብዬ ቀስ ብዬ ጠጣሁት።

አንተን የሚገርምህ ሌላ ነገር ነው። ቤቱን በሚመራው ምክር ቤት ብዙውን ወንበር የያዙት ተማሪዎች ናቸው። የትኛው ፊልም ይታይ፣ ማን ይዝፈን፣ ማን ንግግር ያድርግ ብለው ይጨቃጨቃሉ። እናንተ ስለ መሬት፣ እነሱ ስለ ፊልም። ሳስበው ትንሽ ይከፋኛል፣ ደግሞ እቀናለሁ።

ግን ሁሌም አይስክሬም አልነበረም። በ1967፣ በፈረንጅ ነው የምልህ፣ ለቬትናም ጦርነት ናፓልም የሚባለውን የሚያቃጥል የቦምብ ነዳጅ ይሠራ የነበረው ዶው ኬሚካል የተባለ ኩባንያ ሠራተኛ ሊቀጥር ግቢው ሲመጣ ተማሪዎች ሌላ ሕንፃ ውስጥ ቁጭ ብለው መንገድ ዘጉ። ፖሊስ ገብቶ በዱላ ደበደባቸው፣ አስለቃሽ ጭስም ተተኮሰ። አንተ ያኔ ገና ስድስት ኪሎ አልገባህም። ዕድሜያችሁ ግን አንድ ነው፤ አሁን እነሱም እንዳንተ የግፊት መድኃኒት እየዘለሉ ይሆናል።

በፈረንጆቹ በጋ ና። ሐይቁ ዳር ጀርባቸው የፀሐይ ጮራ የሚመስል የብረት ወንበሮች አሉ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ብርቱካናማ። ብርቱካናማዋ ትንሽ ብትቀላ ባንዲራችን ነበረች። አንዷ ላይ አስቀምጥሃለሁ።

እስከዚያ ዩኒየን ነኝ ስልህ ለእማዬ «ታሰረች» እንዳትላት።

ልጅህ