የዘይት ግፊት ሳይለካ ስለተከናወነ የሞተር ጥገና የቀረበ ቅሬታ

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ

ጉዳዩ፦ ጉድለቱ ሳይጣራ ለተሠራ ሥራ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራችውን ባለካርቡራቶር ቶዮታ ኮሮላ መኪናዬን ወደ ድርጅትዎ ያስገባሁት፣ የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ መብራቷ ሞተሩ ተነሥቶ እየሠራ ሳለ አልፎ አልፎ ይበራ ስለነበር ነው። መኪናዋን ሳስረክብ ለተቀባዩ ሠራተኛ መብራቱ በሚኒሞ (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር) ጊዜ ብቻ ሳይሆን በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ነዳጅ ሰጥቼ ወደ ፒያሳ ስወጣም ሆነ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስሻገር ብልጭ እንደሚል፣ የዘይቱ መጠን ሙሉ እንደሆነና ከሞተሩ የሚሰማ ምንም ዓይነት መንኳኳት እንደሌለ አስረድቻለሁ። በሥራ ማዘዣው ላይ የሰፈረው ግን «የዘይት መብራት ይበራል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ያልተጻፈው ዝርዝር ዋናው ፍንጭ ነበር። ያረጀ ሞተር ግፊት ሲያጣ መብራቱ የሚበራው በአብዛኛው ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥንና ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጠው የዘይት ፓምፑ ፈጥኖ ስለሚዞር ግፊቱ ከፍ ይልና መብራቱ ይጠፋል። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ፣ ነዳጅም ተሰጥቶ፣ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር የሚበራ መብራት አስቀድሞ የሚያስጠረጥረው ሽቦውን ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ያለው የዘይት ሴንሰር ግፊት በሌለ ጊዜ የመብራቱን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኝ፣ ግፊት ሲመጣ ደግሞ የሚያላቅቅ ቀላል ማብሪያ ማጥፊያ በመሆኑ፣ ሽቦው በመንገዱ ላይ ተልጦ ብረት ከነካ ግፊቱ ምንም ያህል ጤናማ ቢሆን ማስጠንቀቂያው መብራቱ አይቀርም።

ባለሙያዎቻችሁ በመጀመሪያ ሴንሰሩን ቀየሩ። መብራቱ አልጠፋም። ቀጥለው ዘይቱ ቀጥኗል በማለት በወፍራም ዘይት ተኩት፤ ወፍራም ዘይት ደካማ ግፊትን ለጊዜው ሊሸፍን ቢችልም የጉድለቱን ምንጭ ስለማያሳይ፣ ይህን ምርመራ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ከዚያም ችግሩ የፓምፑ ነው ተብሎ በእኔ ወጪ አዲስ ፓምፕ ተገዝቶ ተገጠመ፤ መብራቱ አሁንም ሲበራ የተሰጠኝ መልስ ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት የሚል ሆነ። በዚህ ሁሉ ሂደት አንድም ጊዜ ሴንሰሩ ተፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ አልተገጠመም። ስንት ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) እንደተነበበ ስጠይቅ የተነገረኝ ቁጥር አልነበረም፣ «በልምድ ይታወቃል» ከሚል ቃል በቀር።

ሞተሩን ከማስወረዴ በፊት መኪናዋን ለሌላ መካኒክ አሳየሁ። እርሱም ሞተሩን አስነሥቶ የሴንሰሩን ሽቦ ነቀለ፤ ሽቦው ተነቅሎም መብራቱ ብልጭ ማለቱን አላቆመም። ሽቦውን ተከትሎ ሲሄድ ከብረት ማቀፊያው ጋር በሚነካካበት ቦታ ላስቲኩ ተልጦ አገኘው። ይህ ብቻ አይበቃም ብሎ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በጌጅ ሲለካ በሚኒሞ 0.9 ባር፣ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ደግሞ 3.2 ባር ተነበበ። በዚያ ዘመን ለተሠሩ በርካታ የቶዮታ አነስተኛ ሞተሮች የሚጠበቀው በሚኒሞ ከ0.3 የማያንስ፣ በ3000 ዙር ከ2.5 እስከ 5 ባር ገደማ በመሆኑ፣ ሊወርድ የነበረው ሞተር ጤነኛ ነው ማለት ነው። የተለጠው ሽቦ ከተቀየረ ወዲህ መብራቱ ቁልፍ ሲከፈት ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሣ ይጠፋል።

ልኬቱ የተወሰደው አዲሱ ፓምፕ ከተገጠመ በኋላ ስለሆነ አሮጌው ደካማ ነበር የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ እንደሚችል እገምታለሁ። ይህን ማጣራት ይቻል የነበረው ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት ግፊቱ ተለክቶ ቢሆን ነበር፤ አሮጌው ፓምፕም ንብረቴ ሆኖ ሳለ እስከ አሁን አልተመለሰልኝም። በአንጻሩ ጉዳዩ እስኪጣራ መኪናዋን እንዳልነዳ የሰጣችሁኝ ምክር ተገቢ ስለነበር በዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ ሞተሩ እንዲወርድ የተወሰነበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ለሴንሰሩ፣ ለፓምፑና ለእጅ ዋጋ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ፣ አሮጌው ፓምፕ እንዲሰጠኝ፣ እንዲሁም መልሱ ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ አመለክታለሁ። የደረሰኞቹና የሥራ ማዘዣው ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ የተለጠውን ሽቦም ማየት ለሚፈልግ ባለሙያችሁ ይዤ እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤት